የህንድ የሐር ሳሪዎች በየአካባቢያቸው

ሳሪ መቀስ አይነካውም፣ አይሰፋም። ከሸማኔው እንደወጣ ይለበሳል። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ የማሃራሽትራ ሴቶች በጥንቱ ወግ የሚታጠቁት ግን ስምንት ሜትር ገደማ ነው። በህንድ ፊልም ያደገ ወይም በልጅነቱ ህንዳዊ አስተማሪ የነበረው ኢትዮጵያዊ ሳሪን ከሩቅ ያውቃል። አንዱን ከሌላው መለየት ላይ ግን ብዙዎቻችን እንቸገራለን፤ ቀለሙን ስለምናይ ነው። ቀዩም ወርቃማውም ሁሉም ጋ አለ። ልዩነቱ ያለው ክሩ ላይ ነው፦ ጥለቱ እንዴት ተያያዘ፣ አበባው እንዴት ገባ፣ የሐር ትሉስ ምን በልቶ አደገ?

ከደቡብ እንጀምር። ካንቺፑራም ከቼናይ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ በቤተ መቅደሶቿ የታወቀች የታሚል ናዱ ከተማ ናት። ሳሪዋ ወፍራምና ከባድ ነው፤ የደቡብ ሙሽሮች ያለሱ አይዳሩም ማለት ይቻላል። መሃሉ አረንጓዴ ሆኖ ጥለቱ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ አይፈስም። ለዚህ ሸማኔው ሦስት መወርወሪያ ይይዛል። አንዱ ለመሃሉ፣ ሁለቱ ለግራና ለቀኝ ጥለት። የመሃሉ ማግ ጥለቱ ጋ ሲደርስ ከጥለቱ ማግ ጋር ተቆላልፎ ይመለሳል። ኮርቫይ ይሉታል። አንድ ሰው ለብቻው ስለማይዳረሰው አጠገቡ ረዳት ይቀመጣል። መጋጠሚያው ላይ ብዙ ጊዜ የቤተ መቅደስ ጫፍ የሚመስሉ ሦስት ማዕዘኖች ይደረደራሉ።

የሚገርመው፣ ሐሩ በአብዛኛው ከጎረቤቱ ክልል ከካርናታካ ነው የሚመጣው፤ ዛሪ የሚባለው ወርቃማ ክር ደግሞ በምዕራብ ህንድ ካለው ከጉጃራት ክልል፣ ከሱራት ከተማ። የካንቺፑራም የራሷ የሆነው ሙያው ነው። ደህና ዛሪ ማለት በሐር ክር ላይ የተጠመጠመ፣ ወርቅ የተቀባ ቀጭን ብር ነው። አሮጌ ሳሪ እየገዙ ብሩን አቅልጠው የሚያወጡ ነጋዴዎች ያሉት ለዚህ ነው።

የካርናታካው ማይሶር ሳሪ ጸባዩ ሌላ ነው። ለስላሳ፣ ቀላል፣ ጌጥ የማያበዛ፤ አንድ ቀለምና ቀጭን የወርቅ ጥለት ይበቃዋል። የእጅ ሥራም አይደለም። የማይሶር መሃራጃ እ.ኤ.አ. በ1912 ያቋቋመው ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ዛሬ የክልሉ መንግሥት ንብረት ነው። በእጅ ያልተሠራ ሁሉ ርካሽ ነው ለሚል ሰው ይቺ ጥሩ መልስ ናት።

ወደ ሰሜን ስንወጣ ባናራስ አለች፣ በጋንጅስ ዳር ያለችው የዛሬዋ ቫራናሲ። እዚህ ሸማኔው እንደ ሽሮ ሜዳው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው። ንድፉ ህንድን የገዙት የሙጋል ነገሥታት ዘመን አሻራ አለበት፦ ሐረግ፣ ቅጠል፣ የአትክልት ስፍራ አበባ። የከተማዋ ሸማኔዎች በብዛት አንሳሪ የሚባሉ ሙስሊሞች ናቸው። የሂንዱ ሙሽራ ቀይ ሳሪ ከእነሱ ቤት ይወጣል፣ ለዘመናትም እንዲሁ ነው።

የባናራስን ሳሪ ጀርባውን ገልብጦ ማየት ነው። ካድዋ በሚባለው አሠራር እያንዳንዱ አበባ በራሱ ትንሽ ክር ለብቻው ይገባል። ክሩ አበባው ሲያልቅ እዚያው ስለሚያበቃ ጀርባው ንጹህ ነው። በቀላሉ መንገድ ግን ክሩ ከዳር እስከ ዳር ይሄድና አበባ በሌለበት ቦታ በጀርባ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በኋላ በመቀስ ይቆረጣል። ከፊት ሁለቱም ያምራሉ። በድካምና በዋጋ ግን አይገናኙም።

ከሁሉም አስቸጋሪው፣ በእኔ ሚዛን፣ የጉጃራቱ ፓቶላ ነው። ፓታን በምትባል ጥንታዊ ከተማ ጥቂት የሳልቪ ቤተሰቦች ይሠሩታል። ሌላው ቦታ ጌጡ ሲሸመን ይገባል። ፓታን ውስጥ ግን ሽመናው ሳይጀመር አልቋል። የድሩም የማጉም ክር በልኬት በጥጥ ፈትል እየታሰረ ይነከራል። የታሰረው ቦታ ቀለም አይገባውም። ይፈታል፣ ሌላ ቦታ ይታሰራል፣ እንደገና ይነከራል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም እንዲህ ነው። ከዚያ ሲሸመን የማጉ ቀይ ነጥብ የድሩ ቀይ ነጥብ ላይ በትክክል መውደቅ አለበት። ትንሽ ካመለጠ በንድፉ ያለው ዝሆን ዝሆን አይመስልም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ዘመም ባለ መሸመኛ ላይ ተቀምጠው ክሩን በመርፌ እየነካኩ ያስተካክላሉ። አንድ ሳሪ ስድስት ወርም ዓመትም ሊወስድ ይችላል። ፊትና ጀርባ የለውም፣ ሁለቱም እኩል ነው። ጉጃራቶች የፓቶላ ንድፍ ይቀደድ እንደሆነ እንጂ አይለቅም ይላሉ። በድሮው የባሕር ንግድ ፓቶላ እስከ ኢንዶኔዥያ ተጉዟል፤ እዚያ የነገሥታት ቤት ቅርስ ሆኖ ይቀመጥ ነበር።

ይህን ያህል ገንዘብ የሌለው ገዢ ማጉ ብቻ ታስሮ የተነከረውን የራጅኮት ፓቶላ ይገዛል። በቴላንጋና ፖቻምፓሊ፣ በኦዲሻም ሳምባልፑር አካባቢ ክር አስሮ መንከር የቆየ ሙያ ነው።

የማሃራሽትራው ፓይታኒ በትከሻ ላይ በሚጣለው ጫፉ ይታወቃል። ፒኮክ፣ ሎተስና በቀቀን በዛሪ ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ቀለም በራሱ ትንሽ ቀሰም ስለሚገባ ጌጡ ከጀርባም ያው ነው። ስሙ ከፓይታን ከተማ የመጣ ቢሆንም ዛሬ ዋናው ገበያ ዬኦላ ነው። የቤንጋሉ ባሉቻሪ ደግሞ ታሪክ ያወራል። በድሮዎቹ ጫፍ ላይ ሺሻ የሚያጨስ ናዋብ (የአካባቢው ሙስሊም ገዢ) እና ባቡር የተሳፈረ አውሮፓዊ ይታያሉ። በቢሽኑፑር የሚሠሩት የዛሬዎቹ ግን ትዕይንታቸውን ከሂንዱዎቹ ጥንታዊ ተረኮች፣ ከማሃባራታና ከራማያና ይወስዳሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ባቡሩ ይሻለኛል።

ህንድ በሐር ምርት ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ናት። አብዛኛው ሐሯ የሚገኘው የማልበሪ ቅጠል ከሚበላ ትል ነው። በሰሜን ምሥራቅ ያለችው የአሳም ክልል ግን የራሷ ትሎች አሏት። የሙጋ ትል ቤት ውስጥ ሳይሆን ደጅ፣ ሶም በሚባል ዛፍ ላይ ይረባል። ክሩ ሳይነከር በተፈጥሮው ወርቃማ ነው፤ በታጠበ ቁጥር ያምርበታል ይባላል። ኤሪ የሚባለው ደግሞ የጉሎ ቅጠል ይበላል። ትሉ ራሱን የሚጠቀልልበት ሽፋን አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ ቢራቢሮዋ ሳትገደል ትወጣለች፣ ቀሪው እንደ ጥጥ ይፈተላል። ይኸው የኤሪ ትል እኛም አገር አለ፤ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲያጠናው ቆይቷል። የአሳም ሴቶች ሐሩን በብዛት የሚለብሱት ሜኬላ ቻዶር አድርገው ነው፣ ሁለት ቁራጭ ሆኖ እንደ ሳሪ የሚታጠቅ። ብራህማፑትራ ዳር ያለችው ሱዋልኩቺ በዚህ ሽመና የምትኖር ከተማ ናት።

የሸማኔዎቹ ትልቁ ራስ ምታት በማሽን የሚሠራ ኮፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ሕግ የተወሰኑ ባህላዊ ጨርቆችን ለእጅ ሸማኔ ብቻ ከልሏል። ገበያው ግን ሕጉን ብዙም አልሰማውም፤ ባናራስ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ባናራስን አያውቃትም። ብዙዎቹ ሳሪዎች የትውልድ ቦታቸው ስም በሕግ ተመዝግቧል። እውነተኛ ሐር መሆኑን የሚመሰክር ሲልክ ማርክ የሚባል መለያም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለ።

መለያ ከሌለ ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ ማቃጠል ነው። ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፍራል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ይህ ሐርነቱን እንጂ በእጅ መሠራቱን አይነግርም። ለእሱ ጀርባውን መገልበጥ ነው። ባለሱቁ ግልበጣውን ካልወደደው ሌላ ሱቅ መሄድ።