የጊኒ ፒግ ሆድ ሲነፋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጋዝ ብቻ ነው፣ ሲያድር ይሻለዋል።»
ከሁሉም በላይ የሚጎዳው አባባል ይህ ነው። ጊኒ ፒግ (አይጥ መሰል ትንሽ ለማዳ እንስሳ) የበላውን ሣር የሚያብላላው በትልቁ አንጀቱ መግቢያ ላይ ባለ ሰፊ ከረጢት ውስጥ ነው። እዚያ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሰሩን ሲሰባብሩ ጋዝ መፈጠሩ አይቀርም። አንጀቱ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ጋዙም ይወጣል። እንቅስቃሴው ሲቀዘቅዝ ግን ይጠራቀማል፤ ሆዱ ይወጠራል፣ ያመዋል፣ ስለሚያመው መብላት ይተዋል፣ ባለመብላቱም አንጀቱ ይብሱን ይቀዘቅዛል። ማስመለስም አይችልም። ስለዚህ ከሆዱ ትልቀት ይልቅ ምን ያህል እንደበላና ምን ያህል በጠጥ እንደጣለ መከታተል ይበልጣል። ተኮራምቶ የሚቀመጥ፣ ጥርሱን የሚያፋጭ፣ በጠጡ ያነሰ ወይም የጠፋ ጊኒ ፒግ ታሟል። ለ12 ሰዓታት ያህል ምንም ካልቀመሰ፣ ወይም ሆዱ ጠንክሮ መታ መታ ሲያደርጉት እንደ ከበሮ ካስተጋባ፣ ሌሊትም ቢሆን የእንስሳት ሐኪም ይፈለጋል።

«ሆዱ እንዲያርፍ ምግብ ይከልከል።»
ለጊኒ ፒግ ይህ አይሆንም። አንጀቱን የሚያንቀሳቅሰው ያለማቋረጥ የሚገባው አሰር ነው። በተለይ የወፈሩና ያረገዙ ሲራቡ ጉበታቸው በስብ ይጎዳል። ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ ሳያስመረምሩ በሲሪንጅ ምግብ መጋት ነው። ጨጓራው ተነፍቶ ወይም ተጠምዝዞ ከሆነ ተጨማሪ ምግብ ሊገድለው ይችላል። ይህን የሚለየው ራጅ እንጂ የባለቤቱ ግምት አይደለም።

«የሕፃናት የጋዝ ጠብታ ይፈውሰዋል።»
በጠብታው ውስጥ ያለው ሲሜቲኮን ትናንሽ የጋዝ አረፋዎችን ያዋህዳል፤ ወደ ደም ስለማይገባም እምብዛም አይጎዳም። የቆመ አንጀት ግን አያንቀሳቅስም፣ ሕመምም አያስታግስም። ጉዳቱ ጠብታው እስኪሠራ ተብሎ በሚባክነው ሰዓት ላይ ነው። ማሸትስ? የተወጠረ ሆድ አይጫኑ።

«ጥፋተኛው ጎመን ነው።»
አንዳንዴ ነው። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ ጋዝ ያበዛሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ድርቆሽ (የደረቀ ሣር) ነው፤ ከሚበላው 80 በመቶ ያህሉ ድርቆሽ መሆን አለበት። ቀጥሎ የሚጠረጠሩት ድንገተኛ የምግብ ለውጥ፣ ታጭዶ ተከምሮ የሞቀ ሣር፣ የፊኛ ጠጠር፣ እንዲሁም ከልክ በላይ ያደገ ጥርስ ናቸው (ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል)። ጋዙ ታክሞ ጥርሱ ከተረሳ ሆዱ እንደገና መነፋቱ አይቀርም።

«ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ቢሰጠው ምን አለበት?»
ሊገድለው ይችላል። አሞክሲሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ዘመዶች በአፍ ሲሰጡት ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይፈጃሉ፤ ቦታውን መርዝ አመንጪዎቹ ይይዙታል።

«የራሱን በጠጥ ከበላ ሆዱ ታሟል።»
አልታመመም። ለስላሳውን በጠጥ መልሶ የሚበላው በመጀመሪያው ዙር ያመለጡትን ቫይታሚኖችና ፕሮቲን ለማግኘት ነው፤ ጤነኞቹ ሁሉ ያደርጉታል።