«ጃጅተው ነው» አትበሉኝ

በውስጥ ደዌ ክፍል በነርስነት 16 ዓመት ሠርቻለሁ። እንደ «ጃጅተው ነው» ያንገሸገሸኝ ቃል የለም። አስታማሚ ይለዋል፣ ጠያቂ ይለዋል። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን የሙያ ባልደረቦቼ ሲሉት ነው።

የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በወራትና በዓመታት ነው የሚሄደው። ሰኞ ስምሽን የጠራ አባት ረቡዕ ካላወቀሽ፣ ሌላ ነገር መጥቶበታል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። አእምሮ በሌላ ሕመም የተነሳ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሲታወክ ማለት ነው። ሰውየው ይቀባዥራል፤ ጠዋት ሻል ይለዋል፣ ማታ ይብስበታል። የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው ትንሽ ነገር ይበቃል፦ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ መድኃኒት።

የ80 ዓመት አባት ልጃቸው ይዛቸው መጣች። የመርሳት በሽታው ከጀመራቸው አራት ዓመት ሆኗል። ሦስት ሌሊት አልተኙም፤ እሷም አልተኛችም። የነጠላዋን አንድ ጫፍ በእሳቸው አንጓ፣ ሌላውን በራሷ አንጓ አስራለች። እንቅልፍ ቢጥላት፣ ሲነሱ እንዲቀሰቅሳት ነው። «ጎርፉ መጣ! ከብቶቹን አውጡ!» ይላሉ። እጃቸው ግን እየደጋገመ ከእምብርታቸው በታች ይሄዳል። ቀድሞ ያያቸው ባለሙያ «እርጅና ነው» ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥቶ መልሷቸዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከእሑድ፣ ሲስተር። ቅዳሜማ ቡናቸውን ጠጥተው ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ ነበር።»

ሆዳቸውን ስነካው ተወጥሯል። ሽንት ይዟቸዋል። ቱቦ ሲገባላቸው ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። ለጉንፋን ተብሎ ከፋርማሲ ክሎርፌኒራሚን ተገዝቶላቸው ነበር። ይህ መድኃኒት የፕሮስቴት እጢው ያበጠበትን ሽማግሌ ሽንት ሊከለክለው ይችላል፤ አእምሮንም ያውካል። መድኃኒቱ ቆመ። በአራተኛው ቀን ልጃቸውን በስሟ ጠሯት። የመርሳት በሽታው አለ፤ ጎርፉ ግን ሄደ። ሁሉም እንዲህ ቶሎ አይመለስም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት የሚፈጅበት አለ።

ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ መጀመሪያ «ቅዳሜ እንዲህ አልነበሩም» በሉ። ካርዱ ላይ «የመርሳት በሽታ» ስለተጻፈ ብቻ አትመለሱ። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ የራስ ምታቱንም የጉንፋኑንም፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ሌሎችም በየጊዜው የምሰማቸው አባባሎች አሉ። «ትኩሳት የላቸውም፣ ኢንፌክሽን አይደለም።» በዕድሜ የገፋ ሰው ያለ ትኩሳትም የሳንባ ምች ይይዘዋል።

«እጃቸው ይታሰር።» ማሰር ፍርሃቱን ይጨምረዋል፤ መቀባዠሩንም ያባብሰዋል።

«የሚያስተኛ ነገር ስጧቸው።» ዲያዜፓምና መሰሎቹ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያከፉታል፤ ይጥሏቸዋልም። መጠጥ በድንገት ላቋረጠ ሰው ግን ሊታዘዙ ይችላሉ። ያንን ሐኪሙ ይወስን።

«ተመስገን፣ ዛሬ ተረጋግተዋል።» ይህ ያስፈራኛል። ለሚጮኸው ሐኪም ይጠራለታል። ምግብ አፉ ውስጥ ይዞ የሚቀረው፣ ሲጠሩት ዓይኑን ገልጦ መልሶ የሚጨፍነው ግን ይታለፋል። ዝም የሚያሰኘው ዴሊሪየም በአረጋውያን ላይ በብዛት የሚታይ ነው።

«ልክፍት ነው።» እምነታችሁን አልነካም። መጀመሪያ ይመርመሩ፤ ጸበልም ቢሄዱ መድኃኒታቸው አይቋረጥ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የሚውሉ እናት ካሉ ደግሞ የንስሐ አባታቸው ያነጋግሯቸው። የእኛን ምክር የማይሰሙ እሳቸውን ይሰማሉ።

«ሲድኑ አያስታውሱትም።» እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በካንሰር ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ከዴሊሪየም ከወጡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያስታውሱት ነበር። ከታማሚዎቹም በላይ የተጨነቁት የትዳር ጓደኞቻቸው ናቸው። እኔ በየቀኑ የማየው ነው። ያቺ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆማ «ሌባ አሉኝ፣ ሲስተር፤ በጥፊም መቱኝ» ብላ አለቀሰች። አራት ዓመት ያጠበቻቸው ልጅ ናት። የመታሽ አባትሽ አይደለም፣ ሕመሙ ነው አልኳት። ይህን ለእያንዳንዱ አስታማሚ እነግራለሁ።

«ምንም ማድረግ አይቻልም።» ይቻላል! እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ 852 አረጋውያን የተካተቱበት ጥናት ነበር። እንቅልፍ፣ ውሃ፣ እንቅስቃሴ፣ መነጽርና መስሚያ የተሟላላቸው ላይ ዴሊሪየም ከ15 በመቶ ወደ 9.9 በመቶ ወርዷል። ይህን አስታማሚም ይችለዋል። መነጽራቸውን አምጡ። ቀን መጋረጃ ክፈቱ፣ ሌሊት መብራት ቀንሱ። ውሃ ቶሎ ቶሎ አስጎንጯቸው። ሐኪሙ ከፈቀደ ደግፋችሁ አስነሷቸው። ጠያቂ አልጋውን አይክበብ፤ የሚያውቁት አንድ ሰው ይበቃል። ማን እንደሆናችሁና የት እንዳሉ በረጋ ድምፅ ንገሯቸው። አትከራከሩ። ልጅቷ «ጎርፍ የለም፣ አባዬ!» እያለች ስትሟገት ይብስባቸው ነበር። በኋላ እጃቸውን ይዛ «አይዞህ፣ አባዬ፣ አጠገብህ ነኝ» ስትል ትንሽ ረገቡ።

«ሴት ልጅ ካለች እሷ ትበቃለች።» አትበቃም። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው መድኃኒት ሲሰጥ ይሳሳታል፣ ይቆጣል፣ ራሱም ይታመማል። አዳሪ በተራ ይሁን። ያን ቀን ለወንድሟ ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ። ነገሩን አስረዳሁት። ማታ ጋቢውን ይዞ መጣ። ነጠላውን ከአንጓዋ ፈታችና ቤቷ ሄዳ ተኛች።