ታዋቂ አርቲስት ያነሳው ራፐር፦ የሚባለውና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ራፕ የሚሞክር ወጣት ብዙውን ጊዜ አንድ ምኞት አለው፤ ስም ያለው አርቲስት እጁን ይዞ እንዲያወጣው። በምኞቱ ምንም ክፋት የለም። ልጆቹን የሚጎዳቸው በዙሪያው የሚወራው ነው። ለማሳያ ከኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን የማርሲ ሰፈር የወጡትን ሦስት ራፐሮች እንውሰድ፤ ጃዝ-ኦ ጄይ-ዚን አስተማረ፣ ጄይ-ዚ ደግሞ ሜምፊስ ብሊክን አወጣ።

«ታዋቂ ሰው ካነሳህ ደረስክ»

ጃዝ-ኦ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከትልቅ ኩባንያ ጋር ተፈራርሞ ጄይ-ዚን ለንደን ድረስ ይዞት ሄዶ ነበር። የጃዝ-ኦ ሥራ ግን ገበያ ላይ አልሄደም፤ ተከታዩ ጄይ-ዚም አብሮ ቆመ። ጄይ-ዚ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1996 ነው፤ ያውም ከሁለት ሸሪኮቹ ጋር ባቋቋመው ኩባንያ። በዚሁ አልበም አንድ ዘፈን ላይ ብሊክን አስገባው፤ የብሊክ የራሱ አልበም የደረሰው ግን በ1999 ነው። ታላቁ ሰው የሚያስገኘው መደመጥን ነው። ያደመጠው ሰው ስምህን ሲፈልግ የሚያገኘው ዘፈን ከሌለ በማግስቱ ይረሳሃል። ስለዚህ ፊቸሪንጉ (ከታዋቂው ጋር የተሠራው ዘፈን) ከመውጣቱ በፊት ሚክስና ማስተር (የድምፅ ማመጣጠንና የመጨረሻ ማስተካከያ) ያለቀላቸው ቢያንስ ሦስት ዘፈኖች እጅ ላይ ይኑሩ።

«አጃቢ ሆኖ መድረክ መውጣት ውርደት ነው»

ብሊክ ለዓመታት በጄይ-ዚ መድረክ ላይ አጃቢ ድምፅ ነበር። ሥራው ቀላል አይደለም፤ የሰውየውን ግጥም በሙሉ በቃል መያዝ፣ የት እንደሚተነፍስ ማወቅ፣ ከስንኙ መጨረሻ ሁለት ሦስት ቃላትን ብቻ ማንሳት ያስፈልጋል። ሙሉውን ስንኝ አብሮ የሚጮህ አጃቢ ግጥሙን ያደፈርሰዋል። የማይኩን ወንፊት በእጅ መሸፈንም ትልቅ ጥፋት ነው፤ የኋላው ክፍት ሲዘጋ ማይኩ ከየአቅጣጫው ድምፅ መሳብ ይጀምርና ስፒከሩ ያፏጫል። በሆቴል አዳራሽም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ላይ ይህንን አጥርቶ የሠራ ልጅ ትንፋሹም ሰዓት አጠባበቁም ይስተካከላል።

«ያነሳህን ሰው መምሰል አለብህ»

ጄይ-ዚ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ጃዝ-ኦ ምላስ እያፈጠነ ራፕ ያደርግ ነበር። አድማጭ የያዘው ቀስ ብሎ፣ እንደ ጨዋታ መናገር ሲጀምር ነው።

«አዲስ አበባ ካልገባህ አይሆንም»

ሚክሱ አዲስ አበባ ሊሠራ ይችላል፤ ድምፁ ግን ሐዋሳ ተቀርጾ ሊላክ ይችላል። ዋናው ነገር አቀራረጹና አላላኩ ነው። ፊት ለፊት ብቻ የሚሰማ ማይክ ከሆነ ድምፅ እንዳያስተጋባ የሚሰቀለውን ብርድ ልብስ ከማይኩ ጀርባ ሳይሆን ከራፐሩ ጀርባ ስቀሉት፤ ማይኩ ወደዚያ ነው የሚያየው። አፍና ማይክ በ15 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ከጀመረ ቀረጻው ይቁም፤ ያ ድምፅ በኋላ አይወጣም። ፋይሉ ዌቭ (ያልተጨመቀ ድምፅ)፣ 24 ቢት (የቀረጻ ጥራት መለኪያ)፣ ያለ ኤኮ፣ ከቢቱ (ራፕ ከሚደረግበት ሙዚቃ) መነሻ ጀምሮ የወጣ ይሁን። 16 ባር (እያንዳንዱ አራት ምት) በ90 ቢፒኤም (በደቂቃ 90 ምት) 43 ሰከንድ ገደማ ነው፤ የቃላችሁን ብዛት በዚያ ለኩ። ኤምፒ3 ሲላክ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ባዶ ጊዜ ይጨመርና ድምፁ ከከበሮው ይዘገያል። በ44.1 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 44,100 ናሙና) የተቀረጸውን ስቱዲዮው ሳይቀይር በ48 ከከፈተው ደግሞ 9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። የኪሎ ኸርዙን ቁጥር ከፋይሉ ስም ጋር መጻፍ ይህን ጣጣ ያስቀራል።

«ወንድሜ ነው፣ ውል ምን ያደርጋል?»

ከሁሉ የሚከፋው ይህኛው ነው፤ ጥሩ ዝምድና የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ዘፈን ላይ የግጥምና ዜማው ደራሲ፣ የከዋኙና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩ መብቶች የተለያዩ ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁሉንም ይጠብቃል፤ ደራሲው ሥራውን ሲፈጥር መብቱ ይጀምራል፣ ምዝገባ አይጠብቅም። «ስቱዲዮውን የከፈልኩት እኔ ነኝ» ማለት ግጥሙን የራስ አያደርግም። መብት ሲተላለፍ ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት።

ስለዚህ ቀረጻው ያለቀ ዕለት አንድ ገጽ ጻፉ፦ የዘፈኑ ርዕስ፣ ግጥሙን ማን ጻፈ፣ ቢቱን ማን ሠራ፣ የየድርሻው መቶኛ (ድምሩ 100 ይምጣ)፣ ቀረጻው የማን እንደሆነና በማን ገጽ እንደሚጫን፣ ከመድረክ ክፍያ ልጁ ስንት እንደሚያገኝ። ቢቱ ከኢንተርኔት የተገዛ ከሆነ ደረሰኙና የፈቃዱ ዓይነት ይያያዝ፤ ለብዙ ሰው የሚሸጥ ፈቃድ ከሆነ ሌላ ራፐርም ያንኑ ቢት ይዞ ይመጣል፣ ዩቲዩብም ዘፈናችሁን የሌላ ሰው ብሎ ሊይዘው ይችላል። ታላቅየውን መጠየቅ ካሳፈራችሁ በስልክ ሳይሆን አካል ለአካል፣ «ጋሼ፣ ነገ እንዳንቀያየም ብናሰፍረው» በሉት። ከዚያ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንድ አንድ ቅጂም ያዙ።