የሃዋርድ የሕግ ትምህርት ቤትና ሴቶቹ

ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ነው። ዩ ስትሪት አካባቢ ክትፎውን በልቶ ሽቅብ በእግሩ የወጣ ሐበሻ ሁሉ በደጁ አልፏል። የሕግ ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬ እዚያ አይደለም። በ1974 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቫን ነስ ወደሚባለው ሰፈር፣ ቀድሞ የካቶሊክ ሴቶች ኮሌጅ ወደነበረ ግቢ ተዛውሯል። ስለዚህ ቤት በአማርኛ አንድ ላይ የተሰበሰበ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ፣ ያገኘሁትን ያህል እዚህ አኑሬዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው በ1867 ነው፤ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባበቃ በሁለት ዓመቱ። ስሙን ያገኘው ከጄኔራል ኦሊቨር ኦቲስ ሃዋርድ ነው። የሕግ ክፍሉ በጃንዋሪ 1869 በስድስት ተማሪዎች ተከፈተ። የመጀመሪያው ዲን ጆን መርሰር ላንግስተን ነበር። አባቱ ነጭ ባለርስት፣ እናቱ ደግሞ ከባርነት ነፃ የወጣች ሴት ናት። ትምህርቱ በማታ ነበር፤ ተማሪው ቀን ሥራውን ውሎ ማታ ደብተሩን ይዞ ይመጣል።

ሴት እንዳትገባ የሚል ደንብ አልነበረም። ይህ በዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ሻርሎት ሬይ በ1872 ከዚህ ተመርቃ የዲሲን የጥብቅና ፈቃድ አገኘች፤ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጠበቃ ናት። ማመልከቻዋን “ሲ. ኢ. ሬይ” ብላ የሞላችው ሴትነቷን ለመደበቅ ነው የሚል ወሬ አለ። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ግን በሩ ክፍት ከሆነ መደበቁ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። በተመረቀች በዓመቱ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በብራድዌል ጉዳይ፣ የኢሊኖይ ግዛት ለሴት የጥብቅና ፈቃድ ቢከለክል ሕገ መንግሥቱን አልጣሰም ብሎ ወሰነ። ሬይ በ1875 ባሏ የሚደበድባትን ሴት ወክላ ለፍቺ ተከራክራለች። ይሁን እንጂ ጥቁርም ሴትም የሆነች ጠበቃ ጋር ጉዳዩን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ጠፋ። ቢሮዋን ዘግታ ኒው ዮርክ ገባችና ብሩክሊን ውስጥ አስተማሪ ሆነች።

ሌላዋ ሜሪ አን ሻድ ኬሪ ናት። ካናዳ ውስጥ ጋዜጣ ታሳትም የነበረች ሴት ናት። ትምህርቱን የጀመረችው ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ጋር ነው፤ የተመረቀችው ግን በ1883፣ ስልሳ ዓመት ሲሞላት። እሷ ራሷ ያገደኝ ሴትነቴ ነው ብላለች። ሌላ ምክንያት የሚሰጡም አሉ።

ከዚያ እስከ 1920ዎቹ ድረስ ቤቱ የጥቁር ጠበቆች ዋና መፍለቂያ ሆኖ ቆየ።

ታሪኩ የሚሞቀው በ1929 ቻርልስ ሃሚልተን ሂዩስተን ምክትል ዲን ሲሆን ነው። ሃርቫርድ ተምሮ የመጣ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር። የማታውን ትምህርት ዘጋ፤ ብዙ ሰው አዘነ፤ በ1931 ግን ቤቱ ሙሉ እውቅና አገኘ። ጠበቃ ወይ የኅብረተሰብ መሐንዲስ ነው፣ ወይ የኅብረተሰብ ጥገኛ ነው ይል ነበር፤ መካከለኛ አያውቅም። ከተማሪዎቹ አንዱ ተርጉድ ማርሻል ነው። የማርሻል አገሩ ባልቲሞር ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እዚያው ቢሆንም ለጥቁር ዝግ ነበር። ስለዚህ በየቀኑ በባቡር ሃዋርድ ይመላለሳል፤ እናቱ ለትምህርቱ ክፍያ የጋብቻ ቀለበታቸውን አስይዘዋል። በ1933 ክፍሉን አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። በ1936 መምህርና ተማሪ ሆነው ያንኑ የሜሪላንድ ትምህርት ቤት በፍርድ ቤት አሸነፉት። ቂም ካላችሁ ቂም ነው።

ዘዴያቸው ቀስ ያለ ነበር። በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕሌሲ ጉዳይ “ተለያይቶ ግን እኩል” የሚል መርህ አጽድቋል፤ ጥቁርና ነጭ የሚገለገሉበት ነገር እኩል ከሆነ መለያየቱ ሕጋዊ ነው ማለት ነው። እነ ሂዩስተን መለያየቱን ፊት ለፊት አልነኩትም፤ “እኩል ካላችሁ እንግዲህ እኩል አድርጉት” ብለው ግዛቶቹን በወጪ አስጨነቁ። በ1938 የሚዙሪ፣ በ1948 የኦክላሆማ፣ በ1950 የቴክሳስ የሕግ ትምህርት ቤቶች ክስ ተራ በተራ መጣ። የኦክላሆማዋ ከሳሽ ሴት ናት፤ አዳ ሎይስ ሲፑኤል። ጄምስ ናብሪት ደግሞ በ1938 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የሲቪል መብቶች ሕግ ኮርስ እዚሁ ሃዋርድ ጀመረ። ጠበቆቹ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከመቅረባቸው በፊት ሃዋርድ ላይ ልምምድ ያደርጋሉ። መምህራን ዳኛ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ተማሪውም ጥያቄ ያቀርባል።

እዚህ ቤት ውስጥ ነው ፓውሊ መሪ (“መሪ” የቤተሰብ ስሟ ነው) በ1941 የገባችው። በ1938 የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በዘሯ ምክንያት አልቀበልም ብሏታል። ሃዋርድ ዘሯን አልጠየቃትም። ግን ገና ሲጀመር አንድ መምህር ሴቶች ሕግ ለመማር ለምን እንደሚመጡ አይገባኝም አለ፤ ወንዶቹም ሳቁ። ቀጥሎ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ወጣ፤ ወንድ ተማሪዎች በሙሉ አንድ መምህር ቤት ማታ ተጋብዘዋል ይላል። መምህሩ በመብት ትግሉ ስመ ጥር ጠበቃ ነው። ለምን ብላ ጠየቀችው። የወንዶች የሕግ ማኅበር ነው፣ ሴቶቹም የራሳችሁን አቋቁሙ አላት። የዘር መድልዎው ሥርዓት ጂም ክሮው ይባል ስለነበር፣ እሷ የሴቶቹን “ጄን ክሮው” ብላ ስም አወጣችለት። ቤቱን እወደዋለሁ፤ ይህን ግን መሸፋፈን አልችልም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጠነክር ወንዶቹ ወደ ሠራዊት ሄዱ። ግቢው የሴት ሆነ፤ ትግሉም እንዲሁ። በጃንዋሪ 1943 ሦስት የሃዋርድ ሴት ተማሪዎች ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ አንድ ሱቅ ገብተው ትኩስ ቸኮላት አዘዙ። አንሰጥም ተባሉ፤ ንቅንቅ አንልም ሲሉ ቀረበላቸው። ሒሳቡ ሲመጣ ዋጋው 10 ሳንቲም የሆነው ነገር ለእያንዳንዳቸው 25 ሳንቲም ተደርጓል። በትክክለኛው ዋጋ የሦስቱ 30 ሳንቲም ነው፤ 35 አስቀምጠው ተነሡ። በር ላይ ፖሊስ ጠብቆ ወሰዳቸው። አምስት ሳንቲም ትርፍ ከፍለው ታሰሩ ማለት ነው!

ግቢው ተንጫጫ። መሪ የሕግ ምክሩን ትሰጥ ነበር። በኤፕሪል 14ኛውና ዩ ስትሪት ጥግ ያለ ሊትል ፓላስ የሚባል ካፍቴሪያ ተመረጠ። ሰፈሩ የጥቁሮች ነው፤ ካፍቴሪያው ግን ጥቁር አያስተናግድም። ተማሪዎቹ በትንሽ በትንሽ ቡድን ገቡ። ምግብ ሲከለከሉ ባዶ ትሪያቸውን ይዘው ተቀመጡና መጽሐፍ ገለጡ። ውጭ የቆሙት “አብረን እንሞታለን፣ ለምን አብረን አንበላም?” የሚል ጽሑፍ ይዘዋል። ባለቤቱ በጊዜ ዘጋ። በ48 ሰዓት ውስጥ ግን አሳቡን ቀየረ።

በ1944 ደግሞ መሃል ከተማ ቶምፕሰን የሚባለው ምግብ ቤት ገቡ። በዚያች ምሽት ከኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መጥቶ ተስተናገዱ። ደስታቸው አልቆየም። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር አቁሙ አላቸው፤ ገንዘቡ ከኮንግረስ ነው የሚመጣው፣ ኮንግረስ ውስጥ ደግሞ የዘር መለያየቱን የሚደግፉ የደቡብ ግዛቶች ሰዎች ተቀምጠዋል። ፍርሃት ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ጥንቃቄ ብዬ ማለፉን እመርጣለሁ።

የቶምፕሰን ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ዲሲ በ1872 እና በ1873 ምግብ ቤቶች ሰውን በቀለም እንዳይለዩ ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ አልተሻረም፤ ከሕግ መጽሐፍ ላይ ዝም ብሎ ጠፋ። በ1950 የመብት ታጋይዋ ሜሪ ቸርች ቴሬል የዚሁ ቶምፕሰን ሌላ ቅርንጫፍ ገብተው ሲከለከሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። በጁን 1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ይሠራል አለ። ቴሬል ያኔ 89 ዓመታቸው ነው፤ በቀናት ውስጥ ተመልሰው ሄደው በሉ።

መሪ በመጨረሻ ዓመቷ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አነሣች። “እኩል” የሚለውን ትተን “ተለያይቶ” የሚለውን በቀጥታ ብንመታውስ? ሳቁባት። ለመምህሯ ለስፖትስዉድ ሮቢንሰን ፕሌሲ በ25 ዓመት ውስጥ ይወድቃል ብላ በ10 ዶላር ተወራረደች፤ ሐሳቡንም ወረቀት አድርጋ ጻፈችው። ፕሌሲ በትምህርት ቤቶች ላይ የወደቀው በአሥረኛው ዓመት፣ በ1954 በብራውን ፍርድ ነው። ሮቢንሰን ለክሱ ሲዘጋጁ ወረቀቷን ከፋይል አውጥቶ እንደተጠቀመበት ከዓመታት በኋላ ነገራት። ጃንሆይም በዚያው በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ከሃዋርድ የክብር ዶክትሬት ተቀብለዋል። ከዚያ ቀደም ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚሁ ስለሆነ፣ ስሙ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አልነበረም።

መሪ በ1944 ክፍሏን አንደኛ ሆና ጨረሰች። የሃዋርድ አንደኛ ለተጨማሪ ትምህርት ሃርቫርድ መሄዱ የተለመደ ነው። ሃርቫርድ ጾታሽ አይፈቅድልሽም ብሎ ጻፈላት። ጾታዬን ደስ ብሎኝ በቀየርኩ፣ ግን መንገዱ አልተገለጠልኝም ስትል መለሰች። ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤቱን ለሴት የከፈተው በ1950 ነው፤ ሃዋርድ ሴት ጠበቃ ካስመረቀ ከ78 ዓመት በኋላ። መሪ በግል ወረቀቶቿ ራሷን እንደ ወንድ ታስብ እንደነበር ጽፋለች። ስለዚህ ዛሬ “እሷ” ይባል ወይስ “እሱ” በሚለው አጥኚዎች አይስማሙም። እኔ በአደባባይ በኖረችበት ሄጃለሁ።

በ1965 ከየል የሕግ ዶክትሬት አገኘች። በዚያው ዓመት ለዘር የሠራው የሕግ ክርክር ለጾታም ይሠራል የሚል ጽሑፍ ከባልደረባዋ ጋር አወጣች። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውርስ ለማስተዳደር ወንድን የሚያስቀድመውን የአይዳሆ ሕግ ሻረ። ክርክሩን የጻፈችው ያኔ ጠበቃ የነበረችው ሩት ባደር ጊንስበርግ ናት፤ ሽፋኑ ላይ የመሪን ስም አብራ አስገባች፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ይታወቅ ብላ።

ስለ ቀረው የግቢ ሕይወት ባጭሩ ልለፍ። በአሜሪካ በግሪክ ፊደላት የተሰየመ የመጀመሪያው የጥቁር ሴት ተማሪዎች ማኅበር፣ አልፋ ካፓ አልፋ፣ በ1908 ሃዋርድ ላይ ተመሠረተ። ዴልታ ሲግማ ቴታ በ1913 ተከተለ፤ አባላቱም በዚያው ማርች ለሴቶች የምርጫ መብት በተደረገው ሰልፍ ወጡ። ሉሲ ስሎው ከ1922 ጀምራ የሴቶች ዲን ነበረች። ፓትሪሺያ ሮበርትስ ሃሪስ ተማሪ ሳለች በ1943ቱ እንቅስቃሴ ነበረችበት። በ1969 ለአጭር ጊዜ የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን፣ በ1977 ደግሞ ሚኒስትር ሆነች።

የአሜሪካ መንግሥት በ2024 የመሪን ፊት ሳንቲም ላይ አተመ። ሳንቲሙ ባለ 25 ነው፤ ለአንድ ስኒ ቸኮላት የተጠየቀው ሒሳብ።