አንቲሂስታሚን ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ የአለርጂ መድኃኒት የማይፈለግበት ወር የለም ማለት ይቻላል። በበጋ የመንገዱ አቧራ አለ። ቡና ሲቀሸር የጀንፈሉ ብናኝ አለ። ክረምቱ ደግሞ ረጅም ነው፤ ግድግዳው ይረጥባል፣ ፍራሹ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አፍንጫው የታፈነ፣ ዓይኑን የሚያሳክከው፣ ሰውነቱ ሽፍ ያለበት ሰው መድኃኒት ቤት ጎራ ይልና «የአለርጂ ኪኒን ስጡኝ» ይላል። ግን «የአለርጂ ኪኒን» የሚባል አንድ መድኃኒት የለም። አንዱን ውጠው ሥራዎን ሲሠሩ ይውላሉ። ሌላው መሪ እንደያዙ እንቅልፍ ሊጥልዎት ይችላል።

ሁለቱም አንቲሂስታሚን ናቸው። ሂስታሚን ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው ኬሚካል ነው። ቆዳ፣ አፍንጫና ሳንባ ውስጥ ባሉ የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ተከማችቶ ይቀመጣል። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት ምንም የማያደርገውን አቧራ እንደ ጠላት ሲያየው፣ ሴሎቹ ሂስታሚኑን ይለቁታል። ያኔ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያፈስሳሉ፣ ነርቭ ይነካካል። ማስነጠሱም፣ ንፍጡም፣ ማሳከኩም፣ ሽፍታውም ከዚህ ይመጣል። መድኃኒቱ ሂስታሚኑን አያጠፋውም። ታክሲ ውስጥ ወንበር ቀድሞ እንደመያዝ ነው፤ ሂስታሚኑ ሲደርስ ማረፊያው ተይዞ ያገኘዋል።

ስለዚህ ቀደም ብሎ መውሰድ ይጠቅማል። አቧራ የሚያስነሳ ሥራ እንዳለብዎት ካወቁ፣ ማስነጠሱ እስኪጀምር ከመጠበቅ አንድ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ መዋጥ ይሻላል። አለርጂውን ግን አይነቅለውም። አቧራው ካለ ነገም ይመለሳል። በአፍ ላይ ጨርቅ ማሰር፣ ወለሉን ውኃ አርከፍክፎ መጥረግ፣ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማውጣት ከኪኒኑ ጋር አብሮ የሚሄድ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልዩነት። የድሮዎቹ አንቲሂስታሚኖች ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሉ ናቸው፦ ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዳይፈንሃይድራሚን። እነዚህ አንጎል ውስጥ ይገባሉ። አንጎል ውስጥ ሂስታሚን ንቁ አድርጎ የሚያቆየን ነገር ስለሆነ፣ እሱ ሲታገድ እንቅልፍ ይጫጫናል። አዲሶቹ ከ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፉት ሴትሪዚንና ሎራታዲን ናቸው። ወደ አንጎል የሚገቡት በጣም ጥቂት ነው። ለአብዛኛው ሰው ለቀን ሥራ የሚስማሙት እነዚህ ናቸው። ሴትሪዚን ግን አንዳንዱን ሰው ያስተኛል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፍሬ ማታ፣ ቤት ሆነው ይሞክሩት።

በድሮዎቹ ላይ ብዙ ሰው የሚዘናጋበት ነገር አለ። «እኔን እንቅልፍ አይዘኝም» ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም። እንቅልፍ ሳይሰማዎት እጅዎና ውሳኔዎ ሊዘገይ ይችላል። ማታ የተዋጠውም ጠዋት ላይ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃሉ ላይ የጊቤ ቁልቁለት አለ። ማታ ፕሮሜታዚን ወስዶ ሌሊት 11 ሰዓት መኪና የሚያስነሳ ሾፌር የራሱን ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪዎቹን ሕይወት ይዟል። የባጃጅ ሾፌርም፣ መቀሸሪያ ማሽን ላይ የቆመ ሠራተኛም እንደዚያው ነው። ቡናው ይገፈዋል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። ሁለት ስኒ ዓይን ይገልጥ ይሆናል እንጂ የዘገየውን ምላሽ ለመመለሱ ዋስትና አይሆንም።

ሌላው በከተማችን በግልጽ መነገር ያለበት ጫትና ጨብሲ ነው። ቀን ቅሞ፣ ምርቃናውን ለማብረድ ማታ መጠጥ የሚጠጣ ሰው፣ በላዩ የሚያስተኛ የአለርጂ ኪኒን ቢጨምር ሁለት የሚያደነዝዙ ነገሮች ይደራረቡበታል። ትንፋሽ እስከማዳከም ሊደርስ ይችላል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብሎ ፕሮሜታዚን መዋጥም መፍትሔ አይደለም። መጠጥና አንቲሂስታሚን አይቀላቀሉ፣ ሴትሪዚንም ቢሆን።

ታዲያ የትኛውን እንደያዙ በምን ያውቃሉ? በስሙ። እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ትልቅ ጉዳይ አለች። ብዙ ጊዜ ሙሉ ስትሪፕ አንገዛም። ባለሙያው ሦስት አራት ፍሬ በመቀስ ቆርጦ ይሰጠናል። ስሙ የተጻፈው ስትሪፑ ጀርባ ላይ ነውና ሲቆረጥ ስሙ ግማሽ ይሆናል፤ የሚያበቃበት ቀንም ሌላኛው ቁራጭ ላይ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ ቦርሳ ውስጥ ያገኟት ነጭ ትንሽ ኪኒን ምን እንደሆነች ማንም አያውቅም። ስሙን፣ ሚሊግራሙንና አወሳሰዱን ወረቀት ላይ ያስጽፉ። «ያስተኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ መብትዎ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ጤነኛ አዋቂ ሴትሪዚን 10 ሚሊግራም ወይም ሎራታዲን 10 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ይወስዳል። ከሁለቱ አንዱን ነው፣ ሁለቱንም አይደለም። ክሎርፌኒራሚን 4 ሚሊግራም ሆኖ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ከ24 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። አልሻል ሲል መደረብ ጥቅሙን አይጨምርም፣ ጉዳቱን እንጂ። አብዛኛው የጉንፋን ኪኒን ውስጥም ክሎርፌኒራሚን ወይም መሰሉ አለ። ጉንፋንም አለርጂም ነው ብሎ ሁለቱን የሚውጥ ሰው ሳያውቅ እጥፍ ይወስዳል። የታፈነ አፍንጫን ደግሞ አንቲሂስታሚን ብዙም አይከፍተውም። «ሳይነስ» እያሉ ለወራት ኪኒን ከመዋጥ ሐኪም አይቶዎት አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ ስቴሮይድ ቢያዝልዎት ይሻላል።

የኩላሊት በሽታ ካለብዎት የሴትሪዚን መጠን መቀነስ አለበት። ፕሮስቴት ወይም ግላኮማ ያለባቸው አዛውንቶች ከድሮዎቹ ይራቁ፤ ሽንት ይይዛሉ፣ የዓይን ግፊት ይጨምራሉ፣ መዘባረቅና መውደቅም ያመጣሉ። እርጉዝና የምታጠባ እናት ሳትጠይቅ አትውሰድ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፕሮሜታዚን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ልጁ እንዲተኛልን ብሎ የአለርጂ ሽሮፕ መስጠት አደገኛ ነው፣ እባካችሁ አታድርጉት። ለልጅ የታዘዘውንም በሻይ ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው መለኪያ ይስጡ።

አንድ ቦታ ላይ ግን አንቲሂስታሚን ብቻውን ፋይዳ የለውም። ጅማ የማር አገር ናትና ንቡን እንውሰድ። ንብ የነደፈው ሰው የተነደፈበት ቦታ ብቻ ቢያብጥና ቢያሳክከው ኪኒኑ ይረዳዋል። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካዞረው ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ኦቾሎኒ በልቶም፣ ፔኒሲሊን ተወግቶም ቢሆን ምልክቱ ያው ነው። የሚያድነው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ኪኒን አውጦ «ትንሽ እንይ» ማለት ውድ ደቂቃዎች ያባክናል። በጀርባው አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ፤ መተንፈስ ካቃተው ቁጭ ይበል፣ ግን አያቁሙት፣ አያራምዱት። ከዚያ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። መርፌው ከሠራ በኋላም ቶሎ ወደ ቤት አይመለስ። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ዳግም ሊነሳ ስለሚችል ባለሙያዎቹ እስኪለቁት ድረስ እዚያው ይቆይ።