ኬክሮስና ኬንትሮስን ከጎንደር ሆኖ ማስተማር

ጎንደር በ12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ቁጥር ለፈተና ብለው ይሸመድዱታል። ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ የሚለውም ዕጣው ያው ነው፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳል። ቁጥሩን ራሱ ለክቶ ያገኘ ተማሪ ግን አይረሳውም። ለዚህ ደግሞ ጎንደር በጣም ትመቻለች።

መነሻው ቀላል ነው። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅን ይናገራል። ኬንትሮስ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በግሪኒች ከሚያልፈው መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለንን ርቀት። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ አለው።

አንድ ዲግሪ ኬክሮስ መሬት ላይ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ለማሳየት ከባሕር ዳር የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ባሕር ዳር በ11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ላይ ናት፤ ከጎንደር ልክ አንድ ዲግሪ ወደ ደቡብ ማለት ነው። በመኪና ግን ጣናን በምሥራቅ በኩል ዞሮ ስለሚኬድ መንገዱ ከ170 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ልጆቹ መንገዱን ስለሚያውቁት ልዩነቱ ወዲያው ይገባቸዋል።

ስህተት የሚበዛው አጻጻፉ ላይ ነው። ስልክ 12.6 ብሎ የሚያሳየውን 12 ዲግሪ ከ6 ደቂቃ ብሎ የሚያነብ ብዙ ነው። 0.6 በ60 ሲባዛ ግን 36 ይሆናል። በስህተቱ የሄደ ሰው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርዶ ጣና ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ኬንትሮሱን አስቀድሞ የጻፈ ደግሞ ጎንደርን ከሲሲሊ ደሴት አጠገብ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያደርጋታል። መጀመሪያ ኬክሮስ፣ ቀጥሎ ኬንትሮስ ነው።

ከሁሉም የምወደው የጥላ ልኬት ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት፣ መጋቢት 11 ወይም 12 ቀን፣ ግቢው ውስጥ አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጎ መትከል ይበቃል። ተማሪዎቹ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። አጭሩ ጥላ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንጨቱንና ጥላውን አሳንሰው ወረቀት ላይ ሦስት ማዕዘን ይሥሉና እንጨቱ አናት ላይ ያለውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ይለካሉ። 12 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ያገኛሉ። በዚያ ቀን ፀሐይ በእኩለ ቀን በምድር ወገብ አናት ላይ ስለምትሆን ይህ የጎንደር ኬክሮስ ማለት ነው!

ኬንትሮሱም የሚገባው እዚያው ነው። ጥላው የሚያጥረው በ6 ሰዓት ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰዓታችን የተቀመረው በኦጋዴን በኩል በሚያልፈው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው። ጎንደር ከዚያ ሰባት ዲግሪ ተኩል ወደ ምዕራብ ናት። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 የሰዓት ደቂቃ ስለሚፈጅባት 30 ደቂቃ ይመጣል። ቀሪው ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞርበት ፍጥነት ስለሚለዋወጥና ዘንግዋ ያዘመመ ስለሆነ የሚመጣ ነው፤ ለትንንሾቹ ባይነሳም ይቻላል።

ፀሐይ ጎንደር ላይ ልክ አናት የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ሚያዝያ አጋማሽ፣ ሌላው በቡሄ ሰሞን። በቡሄ ደመና ስለሚያስቸግር የሚያዝያው ይሻላል። በሁለቱ መካከል የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ይህን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ኳድራንት፣ ማለትም የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ በዲግሪ የሚለካ መሣሪያ፣ ይዞ ነበር። የከተማዋን ኬክሮስ ያሰላው እሱም ወደ ሰማይ እያየ ነው።

ስልክ መውጣት ያለበት ከዚህ በኋላ ነው። ጂፒኤሱ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ሰማዩ ገለጥ ያለበት ቦታ መቆም ግን ያስፈልጋል። ከነጥብ በኋላ ያለው አራተኛ አኃዝ በአንድ ሲለወጥ 11 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የፋሲል ግቢ በር ላይና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ላይ ቆመው ንባቡን ከመዘገቡ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ተማሪዎቹ ራሳቸው አስልተው ያወጡታል።