«ይሄ'ኮ ባቲ ነው፣ ዘፈን ነው!» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደሴ አንድ ኳየር እያለማመድኩ ነበር። መዝሙሩ አዲስ ነው። ሶሎ የምትይዘው ልጅ ሁለተኛውን ስንኝ እንኳ ሳትጨርስ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ይሄ'ኮ ባቲ ነው። ዘፈን ነው። ቀይሩት።» ባቲ ከአገራችን የዜማ ቅኝቶች አንዱ ነው። ኪቦርዱን አጥፍቼ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። ምን ላድርግ?

ለወንጌል ዘማሪዎች ማቀናበር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይህቺን አባባል ሳልሰማ ያለፈ ዓመት የለም። ሌሎችም አሉ፣ እግረ መንገዴን እነካካቸዋለሁ። ከሁሉም የምታንገበግበኝ ግን እሷ ናት።

«ባቲና አምባሰል የዘፈን ቅኝት ናቸው»

ቅኝት ድምፅ የሚመረጥበትና የሚደረደርበት መንገድ ነው። በቃ። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ኪቦርድ ያለው ይሞክረው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብትመቱ ትዝታ ሜጀር ነው። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጓቸው ማይነሩ ይመጣል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስትሉ ደግሞ ባቲ ሜጀር። እንግዲህ ከእነዚህ ውስጥ ኃጢአተኛው የቱ ነው? ፋ ነው? ጠቁሙኝና ከኪቦርዴ ላይ ልንቀለው።

ሁለቱ የሚጠሩት በራሳችን አገር ስም ነው። ባቲ ያቺው የሰኞ ገበያዋ የሚታወቀው ባቲ ናት። አምባሰልም ውጫሌ ያለችበት፣ ከሐይቅ ወደ ወልድያ ሲኬድ የሚታለፈው አገር ነው። የወሎ ልጅ በወሎ ቅኝት ጌታውን ሲያመሰግን «ከየት አመጣኸው?» ይባላል። ሰባት ኖታ ያለው የፈረንጅ ዝማሬ ሲገባ ግን ማንም ከየት መጣ አላለም። እንደውም እሱ «መንፈሳዊ» ሆኖ ቁጭ አለ!

አባባሉ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አምባሰልን ብዙ ሰው የሚያውቀው በማሪቱ ለገሠ ድምፅ ነው። እሷን በሬዲዮ እየሰማ ያደገ ሰው ቅኝቱ ሲመታ ዘፈኑ ትዝ ቢለው አልፈርድበትም። ትዝ ያለው ግን እሱን ነው። ቅኝቱ ምን አደረገ?

በገናን ተመልከቱ። ኦርቶዶክሶች ወንድሞቻችን ከመሣሪያ ሁሉ አክብረው የሚይዙት፣ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚደረደረው ባለ አሥር አውታሩ በገና በምን ይቃኛል? በትዝታ ይቃኛል፣ በአንቺ ሆዬ ይቃኛል። ማንም «ዘፈን ነው» ብሎ አያወርደውም። መንዙማውስ? እዚህ ከተማ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጀሮው ውስጥ አለ። አንድ ቀን ቤቴ ቁጭ ብዬ የአንድ ዘማሪ ዜማ በአምባሰል እየሠራሁ ነበር። ጎረቤቴ፣ መንዙማ የሚወዱ እናት፣ ቡና ጠጣ ሊሉኝ መጥተው በር ላይ ቆሙ። «ይቺማ የኛ ናት» አሉኝ እየሳቁ። «የጋራችን ናት እማማ» አልኳቸው። «አብሽር፣ ቀጥል» ብለው ቡናውን እዚያው አስመጡልኝ። እሳቸው የገባቸው ለኳየራችን ሽማግሌ ለምን እንደማይገባ አላውቅም።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ። አንድ ልጅ ነበር፣ ከገጠር የመጣ። ጉሮሮው አምባሰል ላይ ሲያርፍ ሰውነትን ይወርራል። ድምፁን የሚያንቆረቁርባትን ቦታ ማንም አላስተማረውም፣ እናቱ ስታንጎራጉር ሰምቶ ነው። ኳየር ሲገባ «እንደ ዘፋኝ አታወናብድ» ተባለ። ቀጥ ባለ የፈረንጅ ዜማ ሲያስዘምሩት ድምፁ ደረቀበት። «ድምፅ የለውም» ብለው ከኋላ መስመር አቆሙት። ዓመት ሳይሞላው ቀረ። አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሳገኘው አሁንም «ትዘምራለህ?» እለዋለሁ። «ሻወር ቤት» ይለኛል።

ለተቃዋሚዎቼ አንድ ነገር ልስጥ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የዘፈን ዜማ እንዳለ አንስቶ ቃሉን ብቻ ቀይሮ «መዝሙር» ማለት አለ። እሱን እኔም አልሠራም። ችግሩ ግን የሰው ዜማ መወሰዱ ነው። በባቲ አዲስ ዜማ መድረስ ሌላ፣ የሌላውን ሰው ባቲ መገልበጥ ሌላ።

«መዝሙር የጌታ ነው፣ ባለቤት የለውም»

ይሄን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ መዝሙሩን ፍላሽ ላይ ጭነው የሚሸጡት ናቸው። ክብሩ የጌታ ነው። ግጥሙና ዜማው ግን በሕግ የደራሲው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መዝሙር ነውና አይመለከተኝም አላለም። ጥበቃው የደራሲውን ዕድሜ ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ ዘማሪዎች ሆይ፣ ግጥሙን ማን ጻፈ፣ ዜማውን ማን ደረሰ፣ ማን አቀናበረ የሚለውን ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት በወረቀት ጻፉና ተፈራረሙ። «እኛ ወንድማማቾች ነን» አትበሉ። የሚጣሉት ወንድማማቾች ናቸው።

«ዘማሪ ሀብታም ነው»

ክሊፑ ላይ ያለው ሱፍ የተውሶ ነው። ይኸው ነው።

«ዘፈን ያልሆነለት ነው ዘማሪ የሚሆነው»

ሙሉቀን መለሰን ዘፈን አልሆነለትም ልትሉ ነው? ስሙ እንደገነነ ዘፈኑን ትቶ ወደ መዝሙር የገባ ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. እስኪያርፍም ወደ ኋላ አልተመለሰም። ሂሩት በቀለም እንዲሁ፣ ስሟ ከተተከለ በኋላ ነው ወደ ዝማሬ የዞረችው። «ለዝና ነው የሚዘምሩት» ለሚል ደግሞ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ አለ። በደርግ ጊዜ በእምነቱ ምክንያት ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል። ይሄ የምን ዝና ነው?

«ወሎ ውስጥ የወንጌል ዘማሪ የለም።» አለን። ቁጥራችን ጥቂት ነው እንጂ አለን።

«ጸጋ ነው፣ ልምምድ አያስፈልገውም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ጉሮሮ ውስጥ ሁለት ትንንሽ የድምፅ አውታሮች አሉ። ኪቦርድ መሀል ላይ ያለውን መደበኛውን ላ ስትዘምሩ በሰከንድ 440 ጊዜ ይገጫጫሉ። የተቀባውም ያልተቀባውም ዘማሪ ጉሮሮ የሚሠራው እንደዚሁ ነው። አራት ቀን ኮንፈረንስ፣ ጠዋትና ማታ፣ በመጨረሻው ቀን አዳር ጸሎት፣ ያውም ያለ ሞኒተር፣ ዘማሪው የራሱን ድምፅ ከሚሰማበት ስፒከር ውጭ! ራሱን የማይሰማ ዘማሪ ይጮኻል። በማግስቱ በሚኒባስ ወልድያ፣ ሌላ መድረክ።

የማውቃት ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ድምፅዋ ሰለለ። «ጠላት ነው፣ ጸልዪበት» አሏት። ጸለየች። ደግሞም ዘመረች፣ ማን አሳርፏት! በመጨረሻ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ አውታሮቹ ላይ እባጭ አውጥታለች። ሳምንታት ዝም አለች፣ የድምፅ ልምምድ ተሰጣት፣ ተሻላት። ጸሎቱን ማንም አልከለከላት። ሐኪም ቤቱን ግን ሁለት ወር ከለከሏት።

ጥሬ እንቁላል የምትውጡም ተዉ። የምትውጡት ነገር በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው፣ አውታሮቹን አያገኛቸውም። ቢያገኛቸው ትን ብሏችሁ ትስሉ ነበር። ዝንጅብልና ማር ይሞቃል፣ ደስ ይላል፣ ግን የቆሰለ ድምፅ አይጠግንም። ድምፅ ሲዘጋ ማንሾካሾክም ማሳረፍ እንዳይመስላችሁ፣ እንደውም ያደክመዋል። ዝም በሉ። ውሃ ቀኑን ሙሉ ቀስ በቀስ ጠጡ፣ መድረክ ላይ ስትወጡ ብቻ አይደለም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስታችሁ የጦሳ ተራራ ብርድ ውስጥ ገብታችሁ ወዲያው ከፍ ያለውን ኖታ አትያዙ። አሥር ደቂቃ አሟሙቁ፣ አፋችሁን ገጥማችሁ «ም…» እያላችሁ። ሦስት ሳምንት ያለፈው የድምፅ መሰለል ካለ ሐኪም ይየው። ኪዩንም፣ መዝሙሩ የሚያዝበትን የድምፅ ከፍታ፣ ዝቅ አድርጉት። ከፍ ባለ ኪይ መዘመር የመንፈሳዊነት መለኪያ ያደረገው ማን እንደሆነ ባገኘው ደስ ይለኛል።

ለጋባዦች ደግሞ፦ ዘማሪ ስትጠሩ ትራንስፖርቱን፣ ማደሪያውንና የምትሰጡትን ቀድማችሁ ተናገሩ። አንዴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ሄደን፣ ሦስት ቀን አገልግለን፣ «ጌታ ይባርካችሁ» ተብለን ተሸኝተናል። ጌታ ባርኮናል። ሹፌሩ ግን ብር ነበር የፈለገው። አንድ ሞኒተር ስፒከርም መድረኩ ላይ አስቀምጡ። ሳውንድ ማኑ «አያስፈልግም» ካለ አትስሙት።

ያ የኳየሩ መዝሙር ባቲ እንደሆነ ነው። ሽማግሌውን በአክብሮት ነግሬያቸዋለሁ፣ አሁንም ደስ አላላቸውም። የቀየርኩት ኪዩን ብቻ ነው። አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጌዋለሁ፣ ልጅቷ አዝማቹ ላይ እየጮኸች ነበር።